ምድጃው ሲያምር ጢሱ በየት ይውጣ?

ብርዱ እንዴት አድርጓችኋል? እኔ ይህችን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ጋቢ ተከናንቤ፣ ካልሲ ደርቤ ነው። የአዲስ አበባ ብርድ የክረምት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ክረምቱ ዝናብና ጭቃ ይበዛበታል እንጂ ሌሊቱን ደመና ለብሶ ያድራል። ብርድ ማለት የህዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ሲቆጠር፣ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ! ምን ይደረግ? ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ሳይቀሩ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው አይደል እንዴ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋን የቆረቆሩት?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እሳት ነው። የፍቅር እሳት እንዳይመስላችሁ፤ የእንጨት እሳት። የከተማው ሰው "ፋየር ፕሌስ" ስለሚለው፣ በፊልም ላይ ባልና ሚስት ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለው ስለሚሳሳቁበት የሳሎን ምድጃ። አዲስ ቤት ሲሠራ አብሮ ቢሠራ አንድ ነገር ነው። ችግሩ ቀድሞ በተሠራ ቤት ላይ ልጨምር ሲባል ነው። ይህንን ጉዳይ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የቅርብ ወዳጆቼ ቤት ሲደርስ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እንዲያውም ጥፋቱ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት። ስማቸውን አልጠራም፤ እነሱም "ለሌላው ትምህርት ይሁን" ብለው ፈቅደውልኛል።

የከሰሏ ሌሊት

ወዳጆቼ ከተጋቡ አራት ዓመታቸው ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። የሚኖሩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ፣ ሚስትየዋ ከአባቷ በወረሰችው ቤት ውስጥ ነው። እናቷም አብረዋቸው ናቸው። ሰፈሩ ወደ እንጦጦ ተጠግቷልና ብርዱ ከመሃል ከተማው ይብሳል። ቤቱ ደግሞ የድሮ ቤት ነው፤ የብሎኬት ግድግዳ፣ የችፑድ ኮርኒስ፣ የቆርቆሮ ጣራ።

ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት፣ ህዳር ውስጥ ነው። ማታ ቡና ተፈላ። ሦስተኛው ሲጠጣ ከሰሉ ገና ደህና ፍም ነበር። እናትየው ሪህ አለባቸውና "ይሄ ፍም ከሚባክን ወደ መኝታ ቤት አስገቢልኝ፣ ልጅቷም ትሙቅ" አሉ። ማንደጃው ገባ። በሩ ተዘጋ። መስኮቱማ ድሮም ዝግ ነው። ሚስትየዋም ከእናቷና ከልጇ ጋር ጋደም አለች።

ባልየው የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ነው። የዚያን ቀን እንዳጋጣሚ ሥራ ቀዝቅዞ በጊዜ ተለቀቀ። ቤት ደርሶ ቢጠራ የሚመልስ የለም። በሩን ገፍቶ ሲገባ ሚስቱ ከአልጋው ልትነሳ እየሞከረች እግሯ አልታዘዝ ብሏታል። እናትየው ያቃስታሉ። ልጅቷ እንደ ጨርቅ ዝልፍልፍ ብላለች። ልጁን አቅፎ ወደ ግቢ ሮጠ፣ ተመልሶ ሁለቱን ጎተተ፣ ጎረቤት ተጠራ። ሐኪም ቤት ደርሰው ኦክስጅን ተሰጣቸው። ሁሉም ተረፉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሐኪሙ የነገራቸውን እኔም ለእናንተ ልንገራችሁ። ከሰል ፍም ሲሆን ጢስ የለውም ብለን እንተማመናለን። ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ጉልበት ይይዝበታል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። "ድካም ነው" ብሎ ይተኛል። ከዚያ በኋላ መነሳት የለም። በየብርዱ ወቅት "ከሰል አፍነው ተኝተው ሞቱ" እየተባለ የምንሰማው ይኸው ነው።

እሷ ድንጋይ፣ እሱ ብረት

ከዚያች ሌሊት በኋላ ማንደጃ ከቤት ተባረረ። ግን ብርዱ አልተባረረም። ባልየው የዕቁብ ብር ወጣለትና "የጢስ መውጫ ያለው ምድጃ እንሥራ" ተባለ። እዚህ ላይ ተስማሙ። ከዚህ በኋላ ግን ጭቅጭቅ ሆነ።

ሚስት፦ "በድንጋይ የተሠራ፣ አፉ ክፍት የሆነ፣ እሳቱ የሚታይ ይሁን። ሳሎኑም ያምራል።"

ባል፦ "በር ያለው የብረት ምድጃ ብየዳ ቤት እናሠራ። የሚያሞቀው እሱ ነው።"

ሚስት፦ "አንተ ደግሞ! ሳሎኔን ጋራዥ ልታስመስለው ነው?"

በመጨረሻ "ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ወዳጅ አለን አይደል፣ እሱ ይፍረድ" ተባለና ተጠራሁ። እኔ ደግሞ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ብዕር የዞርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ምድጃ የማውቀው በፊልም ያየሁትን ያህል ነው። ግን "አላውቅም" ማለት ሞት ሆነብኝ። "ሴት ልጅ ስለ ቤቷ ታውቃለች፣ ድንጋዩ ይሁን" ብዬ ፈረድኩ። ባል በሽማግሌ ፊት ተረታ።

ግንበኛ መጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያማረ ነገር ቆመ። አፉ 1 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር፣ ዙሪያው ጥርብ ድንጋይ። በላዩ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የላሜራ ቱቦ በኮርኒሱ አልፎ በቆርቆሮው ብቅ ብሏል። ቅዳሜ ማታ ተመረቀ። ዳቦ ተቆረሰ፣ እንጨቱ ተለኮሰ... ምን አለፋችሁ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁላችንም ዓይናችንን እያሸን በረንዳ ላይ ነበርን። ጢሱ በቱቦው እንደመውጣት ወደ ሳሎን ዞረ። አዲሱ መጋረጃ ጠቆረ። ሚስትየዋ አለቀሰች፤ በጢሱ ይሁን በንዴት እሷ ታውቃለች።

በሚቀጥሉት ሳምንታት በርና መስኮት ከፍተው ሞከሩት። ጢሱ ሻል አለ፤ ግን በር ከፍቶ እሳት መሞቅ ምን ይባላል? ከምድጃው አንድ እርምጃ ፈቀቅ ያለ ሰው ጀርባው ይበርደው ነበር። እኔም ለፍርዴ ካሣ ጥሩ ባለሙያ ፈልጌ እንዳመጣ ተፈረደብኝ።

አፉ ሰፊ፣ ጉሮሮው ጠባብ

ያመጣኋቸው ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ በግንበኝነት ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። ገብተው ምድጃውን አላዩም። መጀመሪያ ወደ ውጭ ወጥተው ጣራውን አዩ። ተመልሰው ሜትራቸውን ዘረጉና፣ "ልጆቼ፣ ይሄ አፉ ሰፊ ጉሮሮው ጠባብ ነው። እንዲህ ያለ ከብት ይታነቃል እንጂ አይውጥም" አሉን።

ነገሩን ሲያስረዱን በፊዚክስ ክፍል ውስጥ የተኛሁባቸው ቀኖች ቆጩኝ። ክፍት ምድጃ ሲሆን የጢስ መውጫው ስፋት ከአፉ ስፋት አንድ አሥረኛ ገደማ መሆን አለበት። የወዳጆቼ ምድጃ አፍ 100 በ80 ነው፤ 8,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር። አንድ አሥረኛው 800 ነው፤ ማለትም 28 በ28 የሆነ መውጫ ይፈልጋል። ያ ላሜራ ቱቦ ግን 177 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከሚያስፈልገው ሩብ እንኳ አይሞላም!

ሁለተኛው ጥፋት ቁመቱ ነው። ጢስ የሚወጣው ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ነው፤ ቱቦው በረዘመ ቁጥር የመሳብ ጉልበቱ ይጨምራል። ቱቦው ከጣራው በወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ማንኛውም የጣራ ክፍል ደግሞ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የወዳጆቼ ቱቦ ከጣራው ጫፍ በታች ቀርቷል። ነፋስ ከእንጦጦ ሲመጣ ጫፉን ዘሎ ቱቦው አፍ ላይ ይወድቅና ጢሱን ወደ ታች ይደፍቀዋል። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው፤ ግፊቱ የባህር ዳርቻ ከተማ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ለቆላ የሚበቃ ቱቦ ለእኛ ያጥራል።

ሦስተኛውን ጥፋት ሲያሳዩን ግን ሁላችንም ደነገጥን። መሰላል አቁመው ኮርኒሱን ገለጥ አደረጉት። ቱቦው ችፑዱን ታክኮ፣ የባህር ዛፍ ማገሩንም ተደግፎ ነው የሚያልፈው። ማገሩ ቡናማ ሆኖ መጥቆር ጀምሯል። "እንጨት በየቀኑ ሲሞቅ ይደርቃል፣ ይከስላል፤ ከዚያ በትንሽ ሙቀት ይቀጣጠላል። ዛሬ አልተቃጠለም ማለት ነገ አይቃጠልም ማለት አይደለም" አሉን። እንግዲህ አስቡት፤ ከከሰል ሸሽተን ወደ ቃጠሎ ነበር የሄድነው።

እንግዲህ እንምረጥ

አዛውንቱ የነገሩንንና እኔም ከዚያ ወዲህ አንብቤ ያገኘሁትን አንድ ላይ ልሰብስብላችሁ። በተሠራ ቤት ላይ እንጨት የሚነድበት ምድጃ ለመጨመር ያለው ምርጫ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛ፣ በድንጋይ ወይም በጡብ የሚገነባ ክፍት ምድጃ። ውበቱን የሚክድ የለም። ግን ከእንጨቱ ሙቀት ለክፍሉ የሚተርፈው ከመቶ ከ10 እስከ 20 ያህሉ ነው፤ ሌላው በጣራ ይሄዳል። እንዲያውም የሞቀውን የቤት አየር አብሮ ስቦ ያወጣና በበር ሥር ብርድ ያስገባል። ከነጢስ መውጫው ክብደቱ ከ1,000 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ የራሱ መሠረት ይፈልጋል። ጭቃ ቤት ላይ ወይም ፎቅ ወለል ላይ መሐንዲስ ሳያይ አይሞከርም።

ሁለተኛ፣ ለብቻው የሚቆም ዝግ የብረት ምድጃ። በር አለው፣ የአየር ማስገቢያው ይከፈታል ይዘጋል። ደህና ከተሠራ ከመቶ ከ60 እስከ 80 የሚሆነውን ሙቀት ለክፍሉ ይሰጣል። አንድ ሸክም እንጨት የክፍቱን ብዙ ሸክም ይሠራል ማለት ነው። መሠረት ቁፋሮ አይፈልግም። ለድሮ ቤት የሚቀለው ይኸኛው ነው።

ሦስተኛ፣ በክፍት ምድጃ አፍ ውስጥ የሚሰካ ዝግ የብረት ሣጥን። የተበላሸ ወይም እንጨት የሚጨርስ ክፍት ምድጃ ላላቸው መድኃኒቱ ይኸ ነው።

የወዳጆቼም እርቅ የወጣው ከሦስተኛው ነው። ድንጋዩ እንዳለ ቀረ። በአፉ ውስጥ ከ5 ሚሊ ሜትር ብረት የተበየደ፣ ውስጡ እሳት በሚችል ጡብ የተለበጠ ሣጥን ገባ። ለትንሽ ዝግ ምድጃ ደግሞ ያ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይበቃዋል! ቱቦው ብቻ ከጣራው ጫፍ በላይ ተቀጠለ። በኮርኒሱና በጣራው መሃል የሚያልፈው ክፍል በድርብ ቱቦ ተተካ፤ በሁለቱ ቱቦዎች መሃል እሳት የማይበላው የድንጋይ ቃጫ ተጠቀጠቀ። የከሰለው ማገር ወጥቶ ሌላ ገባ። ሚስት ድንጋይዋን አገኘች፣ ባል ብረቱን አገኘ። እኔ ደግሞ ሳላውቅ መፍረድ ትቻለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እናንተም ካሰባችሁ እነዚህን አትርሱ።

ግንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ "ጢሱ በየት ይወጣል?" ብላችሁ ጠይቁት። ስለ ድንጋዩ ቀለም ቀድሞ የሚያወራ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ቱቦው ቀጥ ያለ ይሁን፤ ክርን በበዛ ቁጥር ጢስ ይሰንፋል። በውጭ ግድግዳ ከሚሄድ በቤቱ ውስጥ አልፎ ቢወጣ ይሻላል፤ ቱቦው ሲሞቅ በደንብ ይስባል።

ነጠላ ቱቦ ከእንጨት፣ ከኮርኒስና ከመጋረጃ 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ጣውላ ወለል ከሆነ ከምድጃው አፍ ፊት ለፊት ቢያንስ 40፣ በጎንና በጎን 20 ሳንቲ ሜትር በሴራሚክ ወይም በድንጋይ ይነጠፍ። አፉ ሰፊ ከሆነ ከዚህም ይጨመር። ፍንጣሪ ምንጣፍ አይመርጥም።

በሩ መስታወት ይሁን ካላችሁ የመስኮት መስታወት እንዳታስገቡ፤ በሙቀት ይፈነዳል። ለምድጃ የተሠራ መስታወት ካልተገኘ የብረት በር ይሻላል።

የኪራይ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ሐሳቡን ተዉት። የላይኛው ጎረቤት ሳሎን የእናንተ ጢስ መውጫ አይደለም። የግል ቤት ቢሆንም ጣራ ከመብሳታችሁ በፊት ወረዳችሁ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጎራ በሉ።

እንጨቱስ?

ለአዲስ አበባ ሰው ማገዶ ማለት ባህር ዛፍ ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ያ ዛፍ ባይኖር ከተማዋ በማገዶ እጦት ሌላ ቦታ በሄደች ነበር ይባላል። ግን እርጥብ ባህር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ነው። እርጥቡን ስታነዱ እሳቱ ሙቀቱን የሚጨርሰው ውሃ በማትነን ላይ ነው። ጢሱ ይበዛል፤ በቱቦው ውስጥም ቅጥራን የመሰለ ጥቀርሻ ይጋገራል። ያ ጥቀርሻ አንድ ቀን ራሱ ይቀጣጠልና ጣራውን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ፍልጡን መስከረም፣ ጥቅምት ላይ ገዝታችሁ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት። በጋውን ፀሐይ ይሙቀው፣ ክረምቱን ከቆርቆሮ ሥር ይክረም። ለሚቀጥለው ህዳር ይደርሳል። መድረቁን እንዴት ታውቃላችሁ? ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ክብደቱ ይቀላል። ሁለቱን ስታጋጩ እርጥቡ "ዱብ" ይላል፣ ደረቁ "ቃ!" ይላል። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ችፑድ፣ ፌስታልና ላስቲክ አይነድም፤ ጢሱ መርዝ ነው።

ቱቦውን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ አስጠርጉ። አመዱን በፌስታል ወይም በካርቶን እንዳታወጡ፤ ፍም በአመድ ውስጥ ተደብቆ ቀናት ይቆያል። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ይውጣ። ከሁሉም በላይ፣ ፍሙ ፈጽሞ ሳይጠፋ የጢስ መውጫውን ክዳን ዘግታችሁ አትተኙ። የከሰሉ ጋዝ ከእንጨት ፍምም ይወጣል። ይህን ጋዝ አሽትቶ የሚጮህ ትንሽ የባትሪ መሣሪያ አለ፤ አቅም ያለው ይግዛ፣ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ያስመጣ። ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው "ምናልባት ጉንፋን ነው" አትበሉ። ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፣ በር ይከፈት፣ ወደ ሐኪም ቤት ይኬድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!

ለእኔ ቢጤዎች

"ዕቁብም ቤትም የለኝ፣ ምን ላድርግ?" ለምትሉኝ፣ እኔም ከእናንተው ነኝ። በመስኮትና በበር ሥር የሚገባውን ነፋስ በጨርቅ መድፈን፣ መጋረጃ ማወፈር፣ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ እግር ሥር ማኖርና ጋቢ መደረብ ብዙ ይረዳል። ነፋሱን መድፈን ግን ምንም የማይነድበት ክፍል ውስጥ ብቻ ነው! የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያላችሁ ቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ሰኩት፤ ቀጭን ኤክስቴንሽን አይችለውም። ከሰል ግን በር ዘግቶ የሚታደርበት ክፍል አይግባ። "ትንሽ ነው"፣ "ፍም ብቻ ነው"፣ "ለአንድ ሌሊት ነው" አይሠራም። ለወዳጆቼ ያቺ አንድ ሌሊት ልትበቃቸው ነበር።

ባለፈው እሑድ ማታ እነሱ ቤት ነበርኩ። እናትየው ከምድጃው ራቅ ብለው፣ ወንበራቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ከጭናቸው ላይ ተኝታለች። ቡናው በረንዳ ላይ ተፈልቶ ጀበናው ብቻ ገባ፤ ማንደጃው ውጭ ቀረ። አሁን የቤቱ ሕግ እንደዚያ ነው። ባልየው ከመተኛቱ በፊት ወደ ውጭ ወጥቶ ቀና አለ። እኔም ተከትዬው አየሁ። ጢሱ ከጣራው በላይ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይሄዳል።

"ይኸውልህ፣ ምድጃው አማረ" አለኝ።

ቸር እንሰንብት!